ሂሊየም ያለበት ሰው አይበርም

ሥራዬ ሰውን አውሮፕላኑ ጋ ማድረስ ነው። ሲያትል ኤርፖርት አጠገብ ካሉት የመኪና ማቆሚያዎች በአንዱ የሻትል ሾፌር ነኝ። መንገደኛው መኪናውን ፓርክ ያደርጋል፣ እኔ ሻንጣውን ጭኜ በር ላይ አወርደዋለሁ፣ «መልካም መንገድ» ብዬ እመለሳለሁ። በቀን ስንቱን እንደምሸኝ እኔም አላውቀው። ይህን ያነሳሁት ሥራዬን ላስተዋውቅ ብዬ አይደለም። ስንቱን ሳሳፍር የኖርኩ ሰው፣ መብረር ግድ በሆነብኝ በአንዲት ቀን ሳልበር ስለቀረሁ ነው። ያስቀረኝ ቪዛ አይደለም፣ ጭጋግም አይደለም። ፊኛ ውስጥ የሚሞላው ጋዝ ነው። ሳቁ ግድ የለም፤ ለቅሶ የመጡትም ስቀዋል።

እኔና ውሃ ድሮ ዝምድና አልነበረንም። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ ጠዋት ፊቱን የታጠበ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲመሰገን ይውላል። ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ ይመኙሻል ደግሞ ከውሃ ጋር የቆየ ጠብ ነበራት። ወንዝ ባየች ቁጥር «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትላለች፤ የእኛ ወንዝ በበጋ ዳክዬ እንኳ የማይወስድ መሆኑን ብነግራትም አትሰማም። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች እናት ብዬ የማውቀው እሷን ነው። አሜሪካም ያመጣችኝ እሷ ነች። ዴንቨር፣ ከአንድ ልጇ ከሰናይት ጋር በምትኖርበት ቤት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሶፋዋ ላይ አስተኝታኛለች።

ለሥራ ብዬ ወደ ሲያትል ልነሳ ስል ፊቷ ጠቆረ።

«ሲያትል በየት በኩል ብትዞር ውሃ ነው አሉ» አለችኝ።

ሁለት ነገር አስማለችኝ። አንደኛው፣ ውሃ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ እንዳይወጣ ነው። ሁለተኛው፣ ቀኗ ሲደርስ የትም ብሆን መጥቼ እንድቀብራት ነው። «ወንድ ልጅ የለኝም፤ አፈር የምታለብሰኝ አንተ ነህ» አለችኝ። ሁለቱንም ማልኩ። ለመማል ማን እንደኔ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት ግሬግ የሚባል ጢማም ፈረንጅ ሻትሌ ላይ ተሳፈረ። ሻንጣውን ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤ ቀጭ አለ። ምን ይዘህ ነው ብዬ ስጠይቀው የጠላቂ ዕቃ መሆኑን ነገረኝ። የሰጠመ መርከብ እየተከታተለ ባሕር ሲበረብር የሚኖር ሰው ነው፤ ሱቅ አለው፣ ያስተምራልም። «አንድ ቅዳሜ አልካይ የባሕር ዳርቻ ናና ጭንቅላትህን ብቻ አስገብተህ እይ» አለኝ። ጭንቅላት ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ጥያቄ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ግሬግ ልብሱን ሲያሳየኝ ነው። ከአንገት እስከ እግር ጣት ድፍን የሆነ፣ ውሃ ጠብ የማያስገባ ልብስ ነው፤ አንድ ሰዓት ጠልቀህ ስትወጣ ካልሲህ እንኳ አይረጥብም። እንግዲህ ቁርጭምጭሚቴ ደረቅ ከሆነ መሐላዬ ምን ሆነ? ሰው ለኃጢአቱ ጠበቃ ፈልጎ አያጣም፤ እኔ ደግሞ ራሴው ቆሜ ተከራከርኩ፣ ራሴው ፈረድኩ።

ለሚስቴ ለሰብለም አልነገርኳትም። እሷና እትዬ በየቀኑ ይደዋወላሉ፤ ለአንዷ መንገር ለሁለቱም መንገር ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ «ኦቨርታይም ነው» እያልኩ ከቱክዊላ ቤቴ እወጣለሁ፣ ዕቃዬ ግሬግ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ማታ ራሴን አድርቄ እገባለሁ። ፀጉሬ ለምን ባሕር ባሕር እንደሚሸት ሰብለ ስትጠይቀኝ የኤርፖርቱ ሳሙና ነው አልኳት። አመነችኝ። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይኼ ማመኗ ነው።

መጀመሪያ የምጠልቀው በተራ አየር ነበር። ተራ አየር ጥልቅ ስትገባ ጉድ ያመጣል፤ ውስጡ ያለው ናይትሮጅን ልክ እንደ ጠጅ ያሰክራል። ሰው ሲሰክር ይዘፍናል፣ ይደባደባል፣ ያለቅሳል። እኔ ይቅርታ የምጠይቅ ሰካራም ሆኜ ተገኘሁ። አንድ ቀን አርባ ሜትር ገደማ ስንደርስ የጥልቀት መለኪያዬን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሦስት ጊዜ ተሳለምኩት። ከዚያ ውሃ ውስጥ የሚጻፍባትን ሰሌዳዬን አውጥቼ ለግሬግ በአማርኛ «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» ብዬ ጻፍኩለት። አልበደልኩትም። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ነው ክንዴን ይዞ ወደ ላይ የጎተተኝ። ሰሌዳዋን ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሏታል፤ ጸሎት ይመስለዋል።

«ዩ ኒድ ሂሊየም» አለኝ ከውሃ እንደወጣን።

ሂሊየም እንግዲህ ጾመኛ ጋዝ ነው። ጠላቂው በሚተነፍሰው ላይ ናይትሮጅኑን ቀንሰው ሂሊየም ይተኩበታል፤ ስልሳ ሜትር ብትወርድም ልብህ አይጠፋም። ክፋቱ በመውጫው ነው። ሰውነትህ የጠጣውን ጋዝ ቀስ ብሎ እንዲተፋ በየደረጃው ቆመህ መጠበቅ አለብህ፤ እዚህ ሁለት ደቂቃ፣ እዚያ አምስት፣ እላይ ሃያ። አያቶቻችን በየመኳንንቱ በር ደጅ ሲጠኑ የኖሩት ለዚህ ሲያለማምዱን ነው መሰለኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ለግሬግ ተርጉሜለት በጣም ወዶታል፤ ለሌሎች ተማሪዎቹ የራሱ አስመስሎ ይናገረዋል።

ጠላቂዎች አንድ ሌላ ሕግም አላቸው። የምትተነፍስበትን የጋዝ ሲሊንደር ማንም ይሙላው ማን፣ ከመጥለቅህ በፊት ውስጡ ያለውን ራስህ በመሣሪያ ትለካለህ፤ ምን እንዳለበት በወረቀት ጽፈህ፣ ፈርመህ ትለጥፍበታለህ። ሰው ነግሮኛል፣ ጓደኛዬ ሞልቶልኛል አይሠራም። እኔ መጀመሪያ ግሬግ የሞላልኝን እሱ ፊት ስለካ በይሉኝታ ልሞት ነበር፤ ሰው በልመና ያጎረሰህን ተፍተህ እንደማየት ነው። እየለካሁ ይቅርታ ጠየቅኩት። ያን ጊዜ እንኳ አልሰከርኩም።

አንድ ቅዳሜ ጀልባ ላይ ሆነን ሲሊንደሬን ስፈትሽ ከጋዙ ጥቂት ወደ ውስጥ ሳብኩ። የሂሊየም ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ቀጥኖ እንደ ጫጩት ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ስልኬን አውጥቼ ለእትዬ «እንዴት ነሽ እናቴ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው የጠፋሁት» ብዬ ቮይስ ላኩላት። ትስቃለች ብዬ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

«ልጄ፣ ምን ሆነሃል? ድምፅህን ምን ነካው?»

«ጉንፋን ነው እትዬ።»

«ጉንፋን ድምፅ ያጎረንናል እንጂ መች ያቀጥናል?»

«የአሜሪካ ጉንፋን ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ጉሮሮህ እንዴት ነው?» ሆነ። ዳንኩ ብላት ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ቶሎ ከዳንኩ ውሸቱ ይነቃል ብዬ ሁልጊዜ ትንሽ አስላለሁ። ሳሌ እያማረ ሄደ። አንድ ጊዜማ የሥራ ባልደረባዬ ሰምቶ ሐኪም ቤት ሂድ ብሎኛል። ሦስት ሳምንት እንዲህ እያሳልኩ ከረምኩ።

አሁን ወደ ዓርቧ ልግባ። ዓርብ ማታ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወርቁ ደወሉልኝ። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ ለቁም ነገር ካልሆነ ስልክ አያነሱም።

«እሑድ ጠዋት ቤት አለህ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«እንዳትጠፋ እንግዲህ» ብለው ዘጉ።

የእድር ስብሰባ ይሆናል ብዬ ተኛሁ። ቅዳሜ ስነሳ ሰብለ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ሠርታ ቆየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ምነው ስላት «ሽንኩርት ስከትፍ ነው» አለች። ጨጨብሳ ውስጥ ሽንኩርት አይገባም፤ ይህ ትዝ ያለኝ እሑድ ነው። «ዛሬም ኦቨርታይም አለህ?» አለችኝ። አለ ስላት ሌላ ጊዜ የሚከተለው ጭቅጭቅ ቀረ። እንዲያውም «ሂድ፣ አትቸኩል፣ ደስ ብሎህ ዋል» አለችኝና ትከሻዬን ዳበስ አደረገችው። ስልኬንም ባትሪው ደክሟል ቻርጅ ላድርግልህ፣ ተወው ብላ ተቀበለችኝ። ትዳሬ እየተሻሻለ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ስልኬን ጥዬ በመሄዴም ደስ አለኝ፤ እትዬ ብትደውል ማሳል ይኖርብኛል።

እትዬ ዓርብ ማለዳ ሞታ ነበር።

ሰናይት ለሰብለ ደውላ፣ ሰብለ ለጋሽ ወርቁ ነግራ፣ ተመካክረው እሑድ ጠዋት በወጉ መርዶ ሊያረዱኝ ወስነዋል። ቅዳሜን «ምንም ሳያውቅ ይዋል፣ አንድ ቀን ደስ ይበለው» ብለው ለእኔ የተዉልኝ በፍቅር ነው። ባህላችን እንዲህ ነው፤ ሰው መርዶ በስልክ፣ በሥራ ቦታ፣ በመንገድ አይነገረውም። ሁሉም በልኩ፣ በሰዓቱ፣ በሽማግሌ ነው። እኔም በበኩሌ ለነሱ ጤና ብዬ የት እንደምሄድ አልነገርኳቸውም። ሰብለ ሞት ደበቀችኝ፣ እኔ ባሕር ደበቅኳት፤ በየፊናችን ተዛዝነን ተለያየን።

ያን ቀን ሁለት ጊዜ ጠለቅን። ሃምሳ ሜትር ላይ የሰጠመ አሮጌ ጀልባ አለ፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሰክሬ አይቼዋለሁ፣ ማለትም አላየሁትም። በሂሊየም ግን ልቤ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። የጀልባውን ስም ፊደል በፊደል አነበብኩ። የመሪው ቤት ውስጥ እንደ አልጋ የሰፋ ኦክቶፐስ ተኝቶ በአንድ ዓይኑ ሲያየኝ ቆየ፤ ለማንም ይቅርታ ሳልጠይቅ ዝም ብዬ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከውሃ ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ግሬግ እንደወትሮው አስጠነቀቀን። ሁለት ጊዜ እንዲህ ጠልቀን ሰውነታችን ገና ጋዝ እንደያዘ ነው፤ እስከ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት አውሮፕላን የለም፣ ተራራ መውጣትም የለም።

«ማን ሊበር ነው?» ብዬ ሳቅኩበት። «የእኔ ሥራ ሌላውን ማሳፈር ነው።»

እሑድ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ሐበሻ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከፈትኩ። ጋሽ ወርቁ ከፊት፣ ከኋላቸው ሆስፒታል የምትሠራው ወይዘሮ አልማዝ፣ ከኬንት የመጣው የትራክ ሾፌሩ ተስፋዬ፣ ሌሎችም። ማንም አላየኝም፤ ሁሉም ምንጣፉን ያያል።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ ጋሽ ወርቁ። «እንግዲህ ሰው ሆኖ የማይሄድ የለም። እትዬ ይመኙሻል ደከም ብለው ሰንብተው ነበር...»

የቀረውን አልሰማሁትም። ምን ያህል እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም። ሰብለ አጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ የሽንኩርቱ ነገር ገባኝ። ጥቂት ሲረግብልኝ ጋሽ ወርቁ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ።

«ሰናይት ፍላይትህን ቡክ አድርጋዋለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ትሄዳለህ። ቀብሩ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። አንተን ነው የሚጠብቁት፤ እትዬ ይመኙሻል አፈር የሚያለብሰኝ እሱ ነው ብለው አደራ ብለዋል።»

ለቅሶዬ ቀጥ አለ። በጣቴ ሰዓት ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

«ጋሽ ወርቁ፣ መብረር አልችልም።»

«ውሃ ስጡት» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ሾክ ነው» አለች ወይዘሮ አልማዝ። «እኛ ጋ በየቀኑ ነው የምናየው። ኦኬ፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት።»

እግሬን ከፍ አደረጉልኝ። እኔም እግሬ ሶፋ ላይ እንደተሰቀለ ተናዘዝኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ላይ እንዳልነበርኩ፣ ባሕር እንደምጠልቅ፣ ትናንት ሃምሳ ሜትር ወርጄ እንደነበር፣ ሰውነቴ ውስጥ ገና ሂሊየም እንዳለ ነገርኳቸው። ጋሽ ወርቁ ጠጋ አሉኝ።

«ሂሊየም ማለት ለልጆች ልደት ፊኛ የሚሞሉበት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ እሱ ካለህ መብረሩ መች ይከብድሃል?»

ተስፋዬ ነጠላውን አፉ ላይ ጠቀጠቀ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየችው አንዲት ሴት እያለቀሰ መስሏት አብራው አለቀሰች።

የለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንዴት እንደሚንተከተክ ነገርኳቸው፤ አውሮፕላን ላይ ስወጣ ደሜ እንደዚያ ሊሆን ይችላል አልኳቸው። አንደኛዋ «ለጋዝ ዝንጅብል ነው» አለች። ተስፋዬ ሳቁን ውጦ ተነሳ። ደግ ሰው ነው።

«አውሮፕላኑ ይቅር። እኔ በመኪና ላድርስህ። አሁን ሙቭ ብናደርግ፣ ተቀያይረን ብንነዳ ነገ ሲነጋ ዴንቨር ነን።»

እግሬን ከሶፋው አወረድኩ። ከዚያ ስኖኳልሚ ትዝ አለኝ፤ ከሲያትል ወደ ዴንቨር የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት ተራራ ነው።

«ተራራም ተከልክያለሁ» አልኩት።

«ዴንቨርስ?»

«ዴንቨር ራሷ ተራራ ላይ ናት።»

«ሶ፣ አንተ ለጊዜው የት ነው የተፈቀደልህ?» አለኝ።

እዚሁ። ከባሕር ዳርቻ እስከ ሶፋዬ። ቤታችን አውሮፕላኖች የሚያርፉበት መንገድ ሥር ነው፤ ይኼን ሁሉ ስንነጋገር በየሁለት ደቂቃው አንዱ ጣሪያችንን እያነቃነቀ ያልፋል። እሱ ባለፈ ቁጥር ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያይና መልሶ እኔን ያየኛል።

ለማረጋገጥ ግሬግን በስፒከር ደወልንለት። ወይዘሮ አልማዝ ራሷ አናገረችው፤ የእኔን ትርጉም ማን ያምናል። ረጅም ሰዓት «አሃ፣ ኦኬ፣ አሃ» ስትል ቆይታ ስልኩን ዘጋችና ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረች።

«እውነቱን ነው። ቢሄድ ሽባ ሊሆን ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። በጣም አዝናለሁ ብሏል ፈረንጁ።»

ጋሽ ወርቁ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «በሐዘን ላይ ሐዘን አንጨምርም» አሉ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ሰብለ ከአጠገቤ ተነሳች።

«ኦቨርታይም» አለች።

ምንጣፉን አየሁ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ኦቨርታይም።»

«አንቺስ ከዓርብ ጀምሮ እያወቅሽ? ዓርብ ብትነግሪኝ እኮ ያኔውኑ እሄድ ነበር።»

«አንተ ብትነግረኝ፣ ዓርብ እነግርህ ነበር» አለች። ቀጥላ ደግሞ ቀስ ብላ «በር ላይ ቆሜ ደስ ብሎህ ዋል አልኩህ እኮ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በእኔ ፈንታ እሷ ሄደች። ያው እንደ ሥራዬ ሻንጣዋን ጭኜ፣ ኤርፖርት በር ላይ አወረድኳት። «መልካም መንገድ» ልላት ስል ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ዞራም አላየችኝም።

ሰኞ ጠዋት ለቅሶ ቤቱ ሞላ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኬንት ደርሷል። የመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለኛል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ «ጋዙ ወጣልህ?» ይለኛል። አንዷ ፌጦ ይዛልኝ መጣች፤ ፌጦ የማያወጣው ነገር የለም አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ድምፄን በጥሞና ሲሰሙ ቆይተው «ድምፅህ ግን አልቀጠነም» አሉኝ፤ እንደተታለሉ ሁሉ ቅር አላቸው። በዴንቨር አራት ሰዓት ሲሆን ሰብለ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ጋሽ ወርቁ ያዙልኝ። ሣጥኑ ወረደ። ሰብለ ጎንበስ ብላ አፈር ስትዘግን አየሁ። አንዴ በራሷ ስም፣ አንዴ በእኔ ስም ጣለች። በእኔ ስም ስትጥል ስልኩ ላይ ምስሉ ቆመ፤ እጇ አየር ላይ፣ አፈሩ በመንገድ ላይ እንደሆነ ቀረ። ኔትወርኩ እስኪመለስ ሁሉም አልቆ ነበር።

በዚያው ምሽት፣ ሰዓቴ ሲሞላልኝ በረርኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሰናይት መቃብሩ ጋ ወሰደችኝ። አፈሩ ተደላድሎ፣ አበባ ተደርድሮበት አልቋል፤ ለእኔ የሚሆን ሥራ አልቀረም። አንድ እፍኝ አፈር ከዳር ዘግኜ ከላይ አስቀመጥኩላት። ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በመሐላዋ፣ በሳሉ፣ በቅዳሜው ደስታዬ። ሳልሰክርና ለይሉኝታ ሳይሆን ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ያኔ ደግሞ የሚሰማኝ አልነበረም።

ከመቃብሩ ስንመለስ ሰናይት ኩሽና ገብታ አንድ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ማር ነው፣ ውስጡ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ አለበት። ክዳኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በእትዬ ጎበጥባጣ ጽሕፈት «ለጉሮሮው። ጠዋት ጠዋት፣ በባዶ ሆድ» ይላል። ከሥሩ ስሟን ጽፋበታለች።

«ሐሙስ ዕለት ቁጭ ብላ ስትወቅጥ ዋለች» አለችኝ ሰናይት። «ደክሞሻል፣ አረፍ በይ፣ እኔ እሠራዋለሁ ብላት እምቢ አለች። ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያስል ዝም ብዬ ልስማ? ነው ያለችኝ።»

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጉንፋን ኖሮኝ እንደማያውቅ፣ ጉሮሮዬ ደህና እንደነበር፣ ሁሉንም። የሦስት ቀን ለቅሶ ያለፈበት ጉሮሮ ግን ያወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ቀጥኖ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ልክ ያን ቀን ጀልባ ላይ ሆኜ በቮይስ የላክሁላትን ሆነ።

ሰናይት ማንኪያ ልታወጣ መሳቢያውን ሳበች።

«ይኸው፣ አሁንም አልተሻለህም» አለችኝ።